ቀይ የተቀባች ዶሮ

ደክሱን፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ... ተይ አትነሺ፣ ሥራሽን አታቋርጪ። እዚህችው ጥግ ቁጭ እላለሁ። ዘንድሮ ብርዱን ምን ነካው? ጎመኑ ከማሳ ሳይነሳ ውርጭ ጣለበት እኮ። አውቶቡሱን ጠብቄ ጠብቄ ሲያቅተኝ በእግሬ መጣሁልሽ። ሾፌሩ እንደሆነ አሮጊት ሲያይ ዓይኑን ወደ ተራራው አዙሮ ነው የሚያልፈው። ይኼ የገብስ ሻይ ነው? እሺ ስጪኝ፣ የገብስ ሻይስ እምቢ አይባልም።

ፀጉሬን እንደ ሁልጊዜው ነው። በትንንሾቹ ቢጎዲኖች ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይልኝ፤ እስከ ጨረቃው አዲስ ዓመት ድረስ እንዳይፈታ። ልጄ ዮንሲል "እማዬ፣ የዚህ መንደር ሴቶች ከኋላ ሲያዩዋችሁ ሁላችሁም አንድ ሰው ናችሁ" እያለች ትስቅብኛለች... ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ የሞቀው ወለል ላይ አሥራ አራታችን ተደርድረን ስንቀመጥ ከኋላ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል? አንዳንዴማ ከፊትም አይለይም።

እሳቸው ተኝተዋል እንዴ? እዚያ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት... ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ መጽሔቱም ጭናቸው ላይ ወድቋል። ይተኙ፣ ይተኙ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳይ ተሸክሞ የሚውል ሰው መድከሙ አይቀርም። ካስኩ ውስጥ ደግሞ ምንም አይሰማም አይደል? እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚያጓራው። ባለፈው እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ስታወሪኝ አንድም ቃል አልሰማሁም፤ የአፍሽን እንቅስቃሴ እያየሁ ነበር የሳቅሁልሽ። ስለዚህ እንደልባችን እናውራ።

ምን ልነግርሽ ነበር... አዎ፣ ዶሮዬ። ያቺ ቡናማዋ፣ የእሷን እንቁላል እኮ ነው በየሳምንቱ የማመጣልሽ። ይኼን ሁሉ ሳምንት ያላመጣሁልሽ ለምን ይመስልሻል? ተጎድታብኝ ነው። ከመከሩ በዓል ከቹሶክ በፊት ጭልፊት በርበሬው ማሳ መሃል ወርዶ ጀርባዋን ያዛት። መጥረጊያ ይዤ እየጮህኩ ስወጣ ለቀቃት፣ እሷም እየተንገዳገደች ወደ ግቢ ገባች። ወዴት ትሂድ ታዲያ? የተፈለፈለችበት፣ ከሌሎቹ ጋር አብራ የጫረችበት ግቢ ነው። የቆሰለ ሰው... የቆሰለች ዶሮ ማለቴ ነው፣ ወደ ቤቷ ካልመጣች የት ትመጣለች?

ጭልፊቱ አልገረመኝም። ጭልፊት ነው፣ ሥራው ነው፤ አንዴ ቧጭሮ ሄደ። የገረሙኝ አብረዋት ያደጉት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን አንገታቸውን ዘመም እያደረጉ ዞረው ዞረው አዩዋት፤ "ምን ሆነሽ ነው?" የሚሉ ነው የሚመስሉት። በማግሥቱ አንዷ ጠጋ አለች። ከዚያማ ሁሉም እህላቸውን ትተው የእሷ ጀርባ ላይ ሰፈሩ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይላሉ አይደል? የእኔዋ ምንም አልጫረችም። ሌሎቹ ናቸው በእሷ ጀርባ ላይ ሲጭሩ የከረሙት።

ሐቁን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናቴ ንብ ሲነድፈንም፣ እጃችንን ሲቆርጠንም የአኩሪ አተር ድልህ ነበር የምትለጥፍልን። እኔም ከእንስራው አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨልፌ ጀርባዋ ላይ ለጠፍኩላት። የሦስት ዓመት ድልህ እኮ ነው፣ ሽታው ብቻ ያስጎመጃል! ምኑን ልንገርሽ... ለካ ማዕድ ነው ያቀረብኩላቸው። ድልሁን ከነቆዳዋ ለቀሙት።

አትሳቂ። እኔ እንደሆንኩ ልማዴ ነው። ዮንሲል በመጋቢት ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣስ ምን ነበር ያልኩት? "የምትሠራበት የፀጉር ቤት እየታደሰ ነው፣ ስድስት ወር ይፈጃል።" ስድስት ወር! ምን ሊያድሱ ነው፣ ቤተ መንግሥት? አዳራሹ ውስጥ አጣጥመው በሉልኝ። "ጣሪያው ደረሰ ወይ? ወለሉስ?" እያሉ በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር። እነሱ ያመኑኝ መሰሉ፣ እኔም ያመኑኝ መሰለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

ወደ ዶሮዬ ልመለስልሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አይደል የሚባለው? ያልደበቀውስ? ያልደበቀውማ መድኃኒቱ እስከ ቤቱ ይመጣለታል። አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ አንድ ደግ ሰው መጡልኝ። በሩንም አላንኳኩ፣ ደግ ሰው ምን በር ያንኳኳል? "ሰምቼ አላስቻለኝም" አሉኝ። ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ እኔ ለማንም አልነገርኩም። እንባቸው ሁሉ ግጥም ብሎ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሳቸው ግን አንጀታቸውን ሳያስቸግሩትም አይገዳቸውም። ተሰጥኦ ነው፣ ተሰጥኦ።

ከቦርሳቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? ቀይ መድኃኒት። ያ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የማይጠፋው፣ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የምንቀባው። "ለሰው የሚሆን ለዶሮ ያንሳል?" ብለው ዶሮዬን ታቅፈው ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ቀቧት። ቁስሉ የሳንቲም ያህል ነበር እኮ ደክሱን። እሳቸው ግን እጃቸው ለጋስ ነው፤ ያልቆሰለውንም አዳረሱላት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ አዳራሹ ቸኮሉ፤ ያን ቀን የሚነግሩት ነበራቸው መሰለኝ።

ዶሮ ቀይ ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ውሃ ልቀዳ ገብቼ ስወጣ ያቺን ቀይ ጀርባ ለማግኘት አንዷ በሌላዋ ላይ ስትዘል ደረስኩ። ቡናማዋ ከድልህ እንስራዎቹ ኋላ ገብታ፣ ራሷን በሁለት እንስራ መሃል ሰንቅራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ድምፅ እንኳ አታሰማም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለው አስተማሩን፤ የመድኃኒቱን ቀለም ግን የነገረን የለም።

እኔ ክፋት አልልም። ኧረ ምን በወጣኝ! ከአሳቢነት ነው፣ ከአሳቢነት ብቻ ነው። በቹሶክ ዋዜማ አዳራሹ ውስጥ የሆነውም እንዲሁ ከአሳቢነት ነው። አንቺ አልነበርሽም፣ ሱቅሽ ሥራ በዝቶ ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ ደግ ሰው... ያው እኚያ ይሁኑ ሌላ ደግ ሰው እንጃ፣ ደግነት ብዙ ነው እዚህ አገር... ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "የዮንሲል እናት፣ ዘንድሮ አማችሽ ሲመጣ የትኛዋን ዶሮ ነው የምታርጂለት?" አሉኝ። ምን ነውር አለው? አማት ለአማቿ እንቁላል የምትጥለዋን ዶሮ ማረዷ የአባት ነው፣ አገር ያወቀው ወግ ነው። ጥያቄውም የወግ ጥያቄ ነው። ልጄ ከባሏ መለያየቷን፣ አማች እንደሌለኝ ያወቁ ዕለት ነው የጠየቁኝ፣ ይኸው ብቻ ነው።

ዮንሲል የሩዝ ሙልሙሉን በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች። ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ? ደጃፉ ላይ የተዘበራረቀውን ጫማችንን ጎንበስ ብላ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ጥንድ አድርጋ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ ደረደረችው። የሁላችንንም። የእሳቸውንም። ከዚያ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከግቢው በር አልወጣችም። ሩዟን የምትበላው ለእኔ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። እኔ እናቷ፣ ስትበላ ፊቷን አላይም። አላለቀስኩም አልልሽም ደክሱን፤ አልቅሻለሁ፣ ግን እንስራው ላይ አጎንብሼ ድልሁን እየጨለፍኩ ነውና ማንም አላየኝም።

ትንሽ ላላ አድርጊው፣ ጆሮዬን ሳብሽኝ። አዎ እንደሱ።

ታዲያ ዶሮዬን እንዴት እንደማክማት ጨነቀኝ። በጨው ውሃ ብጠርጋት ቀዩ አይለቅም። መጨረሻ ላይ የሟቹን ባሌን የጽሕፈት ሳጥን ከፈትኩ። ለአባቶች መታሰቢያ ስማቸውን ይጽፍበት የነበረው ጥቁር ቀለም አለ አይደል፣ እሱን ድንጋዩ ላይ በውሃ ፈጨሁና በብሩሹ ቀይዋን ጀርባ ሁሉ አጠቆርኩት። ባሌ ቢያይ ይገስጸኝ ነበር፤ ግን እሱም ዶሮ ይወድ ነበርና ይቅር ይለኛል። ቁራ መሰለችልኝ። ጀርባዋን አይተው ዘወር አሉላት። ሰፊውን የቀርከሃ ቅርጫት ደፋሁባትና እዚያው መሃላቸው አስቀመጥኳት፤ እንዲያዩዋት፣ እንዳይነኳት። ሰውሬ ቤት ባስገባት ስትመለስ እንደ ባዳ ይቆጥሯታል ብዬ ነው።

ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ቅርጫቱን ባነሳሁ ቁጥር ግን ያው ነው። ገበያ ወርጄ ለዚያ ጫጩት ሻጭ ሽማግሌ ነገርኩት። ስንት ዓመት ዶሮ ያረባሁ ሴት ነኝ፣ ሰውዬው ግን በአንድ ቃል አሳፈረኝ። "የቆሰለችውን ለምን ታስሪያታለሽ? ምን አጠፋች? የምትጀምረዋን እሰሪያት" አለኝ። "ሁሌም የምትጀምር አንዲት አለች። ሌሎቹ ተከታይ ናቸው።"

የምትጀምረዋ የትኛዋ ናት? ቤት ገባሁና በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን አየኋቸው። እኔ የጠረጠርኩት አውራውን ነበር፣ ወይ ያቺን ጠበኛዋን ነጭ። አይደሉም። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያቺ ወፍራሟ፣ ላባዋ የሚያብረቀርቀው፣ ጨዋዋ። ስትራመድ እንኳ መሬቱ እንዳያመው የምትጠነቀቅ የምትመስለዋ። ቀስ ብላ እያሽካካች ትጠጋታለች፣ ላባ የምታበጥርላት ነው የሚመስለው፣ ጎኗ ላይ ለጠፍ ትላለች... ከዚያ አንዲት ላባ ብቻ። አንዲት። ደም ጠብ ሲል እሷ ዞር ብላ እህሏን ትለቅማለች። የቀረውን ሌሎቹ ይጨርሱላታል። አፏ ንጹሕ ነው፣ መንቁሯ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አታገኚም።

እሷን ቅርጫት ደፋሁባት። መጀመሪያ ቀን ግቢውን በጩኸት አናወጠችው፤ የተበደለች እሷ ናት። ሌሎቹ ሲያዩዋት ዋሉ። በሁለተኛው ቀን እያንዳንዳቸው ወደየእህላቸው ሄዱ። ለካ ማንም ቡናማዋን የጠላት አልነበረም። የሚጀምርላቸው ሲያጡ ተዉት። በአራተኛው ቀን ቡናማዋ ከእንስራዎቹ ኋላ ወጣችና አመዱ ላይ ተንከባለለች። እኔ ሞኟ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩላት።

ሰውን ግን ቅርጫት አይደፉበትም፣ ምን ይደረግ... ካስክ ካልሆነ በቀር።

አይ፣ ካስኩ ቆመ እንዴ? መቼ ነው ያጠፋሽው? ...ቅድም ነው? እኔ ደግሞ የወፍጮውን ድምፅ ለምጄው እየጮህኩ አወራለሁ። እሳቸው አሁንም አልነቁም? እንቅልፋቸው ጥሩ ነው። ዓይናቸው ተከድኖ ጆሯቸው ብቻ ቀላ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ።

ይልቅስ ደክሱን፣ የሰኞው ነገር እንዴት ሆነ? ዮንሲል ሰኞ ትምጣና ትርዳኝ ያልሽኝ ጊዜ ማታውን ያችን የፀጉር መቀሷን ስትስል አየኋት። ከመጣች ጀምሮ ከሻንጣዋ አውጥታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ደወልሽና "እማማ፣ እስኪ አዲስ ዓመት ይለፍ" አልሽኝ። መቀሱን ጠቅልላ መለሰችው። ትናንትና ደግሞ ወደ ቡሳን የሚሄደውን አውቶቡስ ሰዓት በወረቀት ጽፋ አገኘሁ። ቡሳን ማንን ታውቃለች? ማንንም። ለዚህ ነው የመረጠችው።

እኔ አልፈርድብሽም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው መጥተው "ምስኪን ልጅ ናት፣ ግን ቤቷን ያልያዘች ሴት የሰው ሙሽራ ፀጉር ብትነካ ደንበኛ ይከፋዋል፣ ላንቺ አስቤ ነው" ብለው መክረውሽ ይሆናል። አዎ? እኔ እንጃ፣ ግምቴን ነው የነገርኩሽ። ፊትሽን ምን ነካው? ያሰቡልሽ ሰው አያስቀይሙም። ግን ልጄ፣ አንቺ ከሌሎቹ ዶሮዎቼ እንደ አንዷ አትሁኚብኝ። ክፉ አይደሉም እነሱ፤ አንድ ላባ እስኪነቀል ነው የሚጠብቁት። ዮንሲል ስምንት ዓመት በመቀስ የኖረች ልጅ ናት፣ እጇን አይተሽዋል። አንቺም ትከሻሽን ያምሻል። ሰኞ ነገ ነው። እምቢም ካልሽ እምቢ በይኝ፣ ግን ራስሽ አስበሽው ይሁን።

...እውነት? በጠዋት ሁለት ሰዓት? ተይ አታስለቅሺኝ፣ ቢጎዲኑ ይፈታል። መድረሷን እኔ አረጋግጣለሁ፤ እስከ በርሽ ይዣት እመጣለሁ።

እኔማ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ሆዴን ያባባዋል። ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ልታከም ጓንግጁ ከተማ ሄጄ አውቶቡስ ተራው ውስጥ የአንዲት የማውቃት ሴትን ልጅ አገኘሁ። ከዋና ከተማዋ ከሶል ነው የመጣችው። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የሩዝ ማብሰያ በክንዷ ታቅፋ። ለጉብኝት የሚመጣ ሰው የሩዝ ማብሰያውን ይዞ ይመጣል እንዴ? "እማማ፣ ለእናቴ አይንገሩብኝ፣ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው፣ እናቴን እፈራታለሁ" አለችኝ። ሾርባ ገዛሁላት፣ አብረን በላን። እስከ ዛሬ ለሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ለአንቺም የማን ልጅ እንደሆነች አልነግርሽም፣ ስለዚህ አትጠይቂኝ። እናቷን የመሰለ ደግ ሰው የሚፈራ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ለካ የገዛ ልጇ ትፈራታለች።

ኧረ፣ ነቁ? ተነሱ እንዴ እትዬ? ደህና እንቅልፍ ወሰደዎት? እኛ እዚህ የዶሮ ወሬ ይዘናል። ቆይ እስኪ ልይዎት... አማረብዎት! ደክሱን እጇ ወርቅ ነው። ዕድሜዎ በአሥር ዓመት ቀነሰ፤ ፊትዎ ብቻ ትንሽ ነጣ፣ ሲነሱ ቀስ ይበሉ። ኮትዎን ልያዝልዎት? ጫማዎ እዚህ ነው።

ሶል ያለችው ልጅዎ ሥራ በዝቶባት ሦስት ቹሶክ እንዳልመጣች ባጫወቱን ቁጥር እንዴት እንደማዝንልዎት አይጠይቁኝ። እናት ነኝና አውቀዋለሁ። ስለዚህ እትዬ፣ ከልቤ ነው የምመርቅዎት፦ ለዘንድሮ አዲስ ዓመት ልጅዎን ሰማይ በደህና ያምጣልዎት። እንደ ሌላው ሰው ልጅ ሁለት ቀን አድራ አትሂድብዎት፤ መመለሻዋን ሳትቆርጥ ትምጣልዎት። አጠገብዎ ትክረም፣ አጠገብዎ ትክረምልዎት፣ እንደ እኔዋ። የመጣችበትንም ቀን መንደሩ ሁሉ ይስማልዎት፣ ሁሉም ደግ ሰው ነውና ሊጠይቅዎት ይምጣ...

እትዬ፣ አሜን ይበሉ እንጂ።